የአሥራ አንደኛው ረድፍ ምስክሮች

ሳጅን ቬስና ትራይኮስካ የስታዲየሙ የፓይ መሸጫ ዝግ መሆኑን ያየችው ቅዳሜ ዕለት ነው። ነገሩ የገባት ግን እሁድ ጠዋት፣ የሰባ አንድ ዓመቱ አርሊንዶ ፌሬይራ በፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሦስት የጎድን አጥንቶቹና ሁለት ጣቶቹ ከተሰበሩ በኋላ ነበር። በመሸጫው መዝጊያ ላይ «ምድጃው ተበላሽቷል፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፓይ የለም» የሚል ካርቶን ተለጥፎ ነበር። አንብባው አለፈች። ወደ አስከሬን የሚጣደፍ ሰው ስለ ሥጋ ፓይ ምን ያስባል?

አስከሬኑ የወደቀው ከስታዲየሙ ምሥራቃዊ ትሪቡን ሥር ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሟቹ ግራንት ፔሎ ይባላል፤ የኮራል ፖይንት እግር ኳስ ክለብ የዓመት ትኬት ኃላፊ ነው። ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ ገዳዩ ከግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ አንሥቶ ከኋላው መቶታል፤ ከወደቀ በኋላም ጭንቅላቱ እስኪደቅ ድረስ አልተወውም። የብረቱ ዕቃ ተሰንጥቆ የያዘውን ነጭ ዱቄት ስለተፋ ወለሉ በረዶ የጣለበት ይመስላል፤ ደሙ ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ ሊጥ ሆኗል። ከሁሉ የከፋው አፉ ነበር። የዓመት ትኬቱ ውል፣ ሦስት ገጽ ሙሉ፣ ተጨማድዶ እስከ ጉሮሮው ተጠቅጥቋል። ሲጠቀጠቅ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል።

ቬስና ስልክ በጮኸ ቁጥር አስቀድማ ልጆቿን የምትቆጥር እናት ናት። የዚያን ዕለትም ከቢሮው ደጃፍ ቆማ ቤቷ ደወለች፤ ሁለቱም ሴቶች ልጆቿ ደኅና መሆናቸውን ከሰማች በኋላ ነው ጓንቷን ያጠለቀችው። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል። እሷ የሚፈራው ሁሉ አስቀድሞ ስለሚታያት ከሌሎች መርማሪዎች አንድ እርምጃ ትቀድም ነበር። ያን ቀን ግን ነገሩ እሷን ቀደማት።

አለቃዋ ኢንስፔክተር ብራዲ ጥፋተኛውን ያገኘው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ደንካን ሪስ ራሱ መጥቶ፣ እየከበደው፣ አንድ ነገር ነገረው። አርሊንዶ ከሦስት ሳምንት በፊት «መቀመጫ የሰው ነው» የሚል ጨርቅ ትሪቡኑ ላይ በመዘርጋቱ ክለቡ ካርዱን ሰርዞበታል፤ ውሉ በአንቀጽ ሃያ ሁለት «ክለቡ በፈለገ ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥና ገንዘብ ሳይመልስ መሰረዝ ይችላል» ይላልና። ካርዱ በተሰረዘበት ዕለት ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ ሲበተን ሽማግሌው በአሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ ቀርቶ የውሉን ወረቀት እያሻሸ «ፔሎን ይህን ወረቀት አስውጠዋለሁ» ብሏል። የሰሙት የረድፉ ሰዎች ብቻ ናቸው። ደንካን ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ተባለ።

ካርዱ የተሰረዘበት ሰው ስታዲየም ሊገባ አይችልም። የመውጫው ካሜራ ግን አርሊንዶ ከሕዝቡ ጋር ሲወጣ ያሳያል። በየት ገባ? የት ነበር? ሽማግሌው ለአንዱም አልመለሰም። ከቤቱ ደጃፍ ይዘው አመጡትና፣ ክፍል ስለጠበበ፣ ከአንድ ሰካራም ደጋፊ ጋር አንድ ላይ አስገቡት። ሰካራሙ ሽማግሌው በምን እንደተጠረጠረ ሲሰማ በብረት ጫፍ የሥራ ጫማው መርገጥ ጀመረ። ጠባቂው ከመድረሱ በፊት የሚሰበረው ተሰብሯል።

እሁድ ጠዋት ቬስና ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሐኪሙ ልቡ ደካማ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ድብደባ ቢደገም እንደማይተርፍ በቀጥታ ነግሯታል። ብራዲ ደግሞ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ከስሶ ወደ ዋናው እስር ቤት ሊልከው ወስኗል። ፔሎ በዚያች ከተማ ዘመድ የበዛለት ሰው ነበር፤ ከዘመዶቹም ሁለቱ የሚገኙት እዚያው እስር ቤት ነው።

«አባባ አርሊንዶ፣ ትናንት የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ጣሪያውን አየ። «የልብ ኪኒኔ ቤት ቀርቷል» አለ።

ኪኒኑን ላመጣልዎ ብላ ተነሣች። የሄደችበት ሌላም ምክንያት ነበራት። በመግቢያው ማሽን መዝገብ መሠረት ከአሥራ አንደኛው ረድፍ አሥራ አንድ ካርዶች ገብተዋል። ከነሱ አንዱ የመቀመጫ አሥራ አራት ነው፤ የካርዱ ባለቤት ኦዴት ፌሬይራ ናት፣ የአርሊንዶ ሚስት። ቅዳሜ መውጫው ላይ የተጠየቁት ዘጠኝ የረድፉ ሰዎችም ኦዴት መቀመጫዋ ላይ እንደነበረች ተናግረዋል። የባሏን ነገር ከሚስት በላይ ማን ያውቃል?

የቤቱን በር ብታንኳኳ የሚከፍት አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ ቅጠል የሚጠርግ ጎረቤት ቀና ብሎ ማንን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ወይዘሮ ኦዴትን።»

ሰውዬው መጥረጊያውን አቆመ። «ወደ መቃብሩ ሂጂያ» አለ። «ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋትኮ።»

ቬስና ወደ መኪናዋ ተመልሳ የዘጠኙን ሰዎች ቃል ጭኗ ላይ ዘረጋች። ስለ መቀመጫ አሥር ባለቤት አንዱ «ዳኛውን ሲሰድብ ድምፁ ተዘጋ» ይላል፤ ሌላው «ሻዩን ጉልበቱ ላይ ደፋ»። ስለ መቀመጫ አሥራ ስድስት ሴትዮ «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንቀላፋች» ብለዋል። ሕያው ሰው እንዲህ ነው፤ ያዩት ሰዎች ሁሉ ልዩ ልዩ ነገር ያዩበታል። ስለ ኦዴት ግን ዘጠኙም ያሉት አንድ ነው። «ነበረች፤ ለፓይ እንኳ አልተነሳችም።»

ያኔ ነው ካርቶኑ ትዝ ያላት። ያን ቀን ለፓይ የሚነሣ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር። ይህ ያዩትን መናገር ሳይሆን፣ እንደ ጸሎት በቃል የተያዘ ነገር ነው።

ወረቀቶቹን ደግማ አገላበጠች። ያንኑ ቃል ለሌላ መቀመጫም ብለውታል፤ ለአንድ መቀመጫ ብቻ። ለመቀመጫ ዘጠኝ።

ኖሪን ዳልተን በመቀመጫ አሥራ ሦስት ላይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠች፣ በብረት ፋብሪካው ጽዳት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቬስናን በር ላይ ስታይ ከላይ እስከ ታች መዘነቻት።

«የኪሮ ልጅ። አባትሽ ቢያይሽ ምን ይል ነበር፣ እሁድ በጠዋት የሰው በር ስታንኳኪ።»

«እትዬ ኖሪን፣ ኦዴት ትናንት ስታዲየም ነበረች?»

«ነበረች፤ ለፓይ እን…»

ኖሪን መሐል ላይ ቆመች።

«ቀብሯ ላይ ነበሩ?»

«አበባውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች ኖሪን በቀስታ፣ እየተቀመጠች።

የቀረውን ቬስና ጥቂት በጥቂት አወጣጣችው። ክለቡ በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ካርድ ማዋስን ይከለክላል፤ ያዋሰ ይሰረዝበታል፣ እያወቀ ያልተናገረም ይሰረዝበታል። በአንቀጽ ሃያ ደግሞ ባለ ካርዱ ሲሞት መቀመጫው ወደ ክለቡ ይመለሳል፤ ለሚስትም ለልጅም አይተርፍም። ስለዚህ በዚያ ትሪቡን ሟች አይሞትም። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ የክለቡ ተቆጣጣሪዎች ስለ የትኛውም መቀመጫ ሲጠይቁ መልሱ አንድ ነው። ቅዳሜ ዝናብ ስለነበር ፖሊሶቹም ቢጫ ሰደርያ ደርበው፣ የካርድ ዝርዝር ይዘው መውጫው ላይ ቆሙ። ስለ ግድያው የሰማ ገና አልነበረም። ረድፉ የመለሰው ለተቆጣጣሪ ነው።

«ማታ ፖሊስ እንደነበሩ ስታውቁስ?»

«አርሊንዶ ተይዟል፣ ወረቀቱ በፔሎ አፍ ውስጥ ተገኘ ተባለ። እሱ ነው አልን። ቃላችንን ብናጥፍ ዘጠኝ ካርድ ይሄዳል፤ ለማን ብለን?»

«በኦዴት መቀመጫ ላይ ማን ነበር?»

ኖሪን ከንፈሯን ነከሰች። ፊቷ መልሱን ተናግሯል፤ አፏ ግን እምቢ አለ። «የክለቡ ፊርማ ያለበት ወረቀት አምጪልኝ። ከዚያ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እኛ ዘጠኝ ነን፣ ሌላ የቀረን ነገር የለም።»

ቬስና በዚህ አልተቆጣችም። አባቷም ለመቀመጫው እንዲሁ ያደርግ እንደነበር ታውቃለች።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ፊየና ካርማይክል የተቀበለቻት ቆማ ነው። ቅዳሜ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ከስድስት እንግዶች ጋር በክብር መቀመጫው ላይ እንደነበረች ተናገረች፤ እንግዶቹም አረጋግጠዋል። ከፔሎ ጋር ግን ሐሙስ ዕለት ጮኸው ተጣልተዋል። ቬስና ምክንያቱን ስትጠይቅ ሥራ አስኪያጇ መስኮቱን እያየች መለሰች። የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ውሉ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ምርመራ ከፍቷል፤ ሰኞ ከሰዓት ፔሎ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል። ፔሎ ፈርቶ ሁሉንም ነገር ለመዘርገፍ ወስኖ ነበር።

«ሁሉንም ነገር ስትዪ?»

«ካርድ ያዋሱትን በስም የሚነግረው ሰው ነበረው፤ ከራሳቸው ከደጋፊዎቹ መሐል። ስሙን ለኔም አልነገረኝም፣ ‹ወዳጄ› ነበር የሚለው። ቢሮው ደጃፍ ላይ ካሜራ የለም፤ ያስነሣው ራሱ ነው፣ ወዳጁ በሠራተኞች በር እንዲገባ። ሰኞ ያንን ስም ሊሰጥ ነበር።»

«የተሰረዙትን መቀመጫዎች ላሳየኝ ትችያለሽ?»

የትሪቡኑ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ በማዋስ ምክንያት የተሰረዙ ካርዶች በቀይ ነጥብ ተመልክተዋል። አሥረኛው ረድፍ አራት፣ አሥራ ሁለተኛው ስድስት፣ ስምንተኛው ሦስት። አሥራ አንደኛው ላይ አንድም ነጥብ የለም። ቬስና ጣቷን በባዶው መሥመር ላይ አስኬደች።

«አርሊንዶ ፔሎን ወረቀት አስውጥሃለሁ ማለቱን ሰምተሽ ነበር?»

«ዛሬ ከጋዜጠኛ ነው የሰማሁት» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ደንካን ሪስ ቤቱ ጓሮ ነበር። ሃምሳ ያልሞላው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ከተማው ሁሉ ይወደዋል። አባቱ የብረት ፋብሪካውን የሥራ ማቆም አድማ የመራ ሰው ነበር፤ እሱም ክለቡን በሸማቾች መሥሪያ ቤት ያስከሰሰውን ማኅበር ይመራል። ካርዱን ማዋስ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚደውለው ለሱ ነው፤ የሚቀመጥበትን ሰው ፈልጎ ያገናኛል። የመኪናው የወለል ምንጣፎች ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ሰማዩ ግን ገና እያካፋ ነበር።

«በዝናብ ምንጣፍ የሚያሰጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች ቬስና።

«ሚስት የሌለው ቤት እንዲህ ነው፤ አንቺ ሽማግሌ ላኪልኝ እንጂ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቱን አከፋው። «አርሊንዶ እንዴት አደረ? ምስኪን። እኔ ባልናገር ምናለ እላለሁ።»

«ግዴታህ ነው። ለመዝገቡ ያህል ልጠይቅህ፣ አንተ ቅዳሜ ከመቀመጫህ ተነሥተሃል?»

«ዕረፍት ላይ ብቻ። እንደ ልማዴ ፓይ ገዝቼ ተመለስኩ፤ መቀመጫዬ ላይ ሆኜ እሱን ስበላ ነው ሁለተኛው አጋማሽ የጀመረው። ረድፉን ጠይቂያቸው።»

«ጠይቄያቸዋለሁ። ጣፋጭ ነበር?»

«ትንሽ ጨው በዝቶበታል» አለ ደንካን።

ቬስና አመስግናው ወጣች። ጥግ እንደዞረች መኪናዋን አቁማ ወደ ፎረንሲክ ክፍል ደወለች፤ የፍተሻ ፈቃድ አስወጥታ ለምንጣፎቹ ሰው ላከች። ቀጥላ የሸማቾች መሥሪያ ቤቱን ጠበቃ ቤቷ ድረስ ሄዳ ከምሳ ጠረጴዛዋ አስነሣቻት።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በአሥራ አንደኛው ረድፍ ተሰበሰቡ። ዘጠኙ ሰዎች በየመቀመጫቸው ተቀመጡ፤ ደንካን በመቀመጫ ዘጠኝ። ፊየና ካርማይክል፣ የሸማቾች መሥሪያ ቤቱ ጠበቃና ብራዲ ደረጃው ላይ ቆሙ። አርሊንዶን ነርስ በተሽከርካሪ ወንበር አመጣችው፤ በሁለት ፖሊሶች መሐል ሲታይ ገና ቀብሩ ያልተቆፈረለት ሬሳ ይመስል ነበር። ሜዳው ባዶ ነው። ብራዲ ሰዓቱን አሳያት።

ቬስና ፊቷን ወደ ሥራ አስኪያጇ መለሰች። «መጀመሪያ ፊርማሽን እፈልጋለሁ። ዛሬ እዚህ በሚነገር ነገር ምክንያት የአንድም ሰው ካርድ እንደማይሰረዝ።»

«ውል ውል ነው። እነሱም ፈርመውበታል።»

ጠበቃዋ ዣንጥላዋን አጠፈች። «አንዱ ወገን እንዳሻው የሚቀጣበት፣ ሌላው ስለ ጎረቤቱ ካልመሰከረ የሚባረርበት አንቀጽ ሕግ ፊት አይቆምም። ያን ለነገ እንተወው። በነፍስ ግድያ ምርመራ ላይ እውነቱን በመናገሩ ካርዱ የተሰረዘ ሰው ካለ ግን፣ ነገ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እሱ ይሆናል።»

ፊየና ካርማይክል የቬስናን ማስታወሻ ተቀብላ፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈችና ፈረመች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኖሪን ዘንድ ደረሰ። ኖሪን መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«በኦዴት መቀመጫ ላይ የነበረው አርሊንዶ ነው» አለች። «በሷ ካርድ ገብቶ። እኔ አጠገብ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጎል ሲገባብን ክንዴን ይዞ አላቀሰኝ።»

አርሊንዶ ዓይኑን ጨፈነ። «ለምን ተናገርሽ» አለ። «መቀመጫዋን ይወስዱባታል።»

ብራዲ ኮፍያውን አወለቀ። ቬስና ቀጠለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ፔሎ የተመታው ከኋላ ነው አለች። ቢሮው ከመንገድ በኩል በሠራተኞች በር ይገባል፤ በሩ የሚከፈተው ደግሞ ከውስጥ ነው። ፔሎ ጠላቱን አርሊንዶን በሩን ከፍቶ አያስገባም፤ ቢያስገባም ጀርባውን አይሰጠውም። የከፈተው ለለመደው ሰው ነው። ወለሉ ሙሉ ነጭ ዱቄት ነበር፤ የአርሊንዶ ጫማ ላይ ግን ቅንጣት አልተገኘም። እኛ ግን የያዝነው እሱን ነው፣ ወረቀቱ የሟቹ አፍ ውስጥ ስለተገኘ። ያንን ዛቻ የሰማ ማነው? ይህ ረድፍ ብቻ። ሥራ አስኪያጇ እንኳ የሰማችው ዛሬ ነው። እንግዲህ ወረቀቱን የጠቀጠቀው የዚህ ረድፍ ሰው ነው፤ ዛቻው በማን ላይ እንደሚያላክክለት ያወቀ ሰው።

ረድፉ ላይ ያለ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ስለ እናንተ ስለ ዘጠኛችሁ እርስ በርስ የሰጣችሁት ቃል የተለያየ ነው፤ አንዱ ሻይ ደፍቷል፣ አንዷ አንቀላፍታለች። ስለ ሁለት መቀመጫዎች ግን ያላችሁት አንድ ቃል ነው። አንደኛው ላይ የሞተች ሴት ነበረች። ሁለተኛው ላይስ ማን ነበር፣ እትዬ ኖሪን? በመቀመጫ ዘጠኝ?»

ኖሪን ወደ ደንካን ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ልጇ ሲሰርቅ ያየች እናት ፊት ነበር። «ቀይ ጢም ያለው ወፍራም ሰውዬ» አለች። «አይተነው አናውቅም። ተቃራኒው ቡድን ሲያገባ በልቡ ሲደሰት ያስታውቃል። ደንካን ዓርብ ደውሎ ነገ ሥራ አለኝ፣ ካርዴን ለሰው ሰጥቻለሁ፣ እንደ ወትሮው መልሱ አለን።»

«እኔ ካርዴን ማዋሴ ወንጀል ሆነ እንግዲህ?» አለ ደንካን እየሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

«ካርድ ማዋስ ወንጀል አይደለም» አለች ቬስና። «ግን ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ከነበረ መሸጫ ፓይ ገዝተህ መብላትህን ነገርከኝ። ጨው በዝቶበት። እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ተርቦ እንደዋለ ያውቃል። አንተ ብቻ አታውቅም።»

ከዚያ ካርታውን ዘረጋችው። በየረድፉ ያሉትን ቀይ ነጥቦች አሳየቻቸው፤ የሁሉንም የማዋስ ምሥጢር የሚያውቅ፣ ሁሉም የሚደውሉለት ሰው አንድ ብቻ መሆኑን፣ ያ ሰውም እንዳይታወቅበት የራሱን ረድፍ ብቻ እንዳልነካ። ሌባ በጎረቤቱ ጓሮ እንጂ በራሱ አይሰርቅም። ፔሎ ሰኞ ያንን ስም ሊሰጥ ነበር። ስትጨርስ ስልኳን አየች፤ በምንጣፉ ስፌት ውስጥ ነጭ ዱቄት ተገኝቷል፣ ደምም አለበት።

«አንተ ነህ ጆሮ ጠቢው?» አለች ኖሪን። «የእኅቴን ልጅ መቀመጫ ያስወሰድከው አንተ ነህ?»

ደንካን ዝም ብሎ ቢቀር ምናልባት የሚራራለት ይኖር ነበር። ግን ያቺ ቃል ፊቱን እንደ ፈላ ውኃ አቃጠለችው። ተወርውሮ ሦስት መቀመጫ ዘለለና በቡጢ መታት። የአፍንጫዋ አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማው። ኖሪን በሁለቱ ረድፎች መሐል ወደቀች፤ እሱ በላይዋ ሆኖ ደገማት። ብራዲ ከኋላው ቢይዘው በክርኑ ጥርሱን አረገፈው። ቬስና ከላይኛው ረድፍ በሙሉ ክብደቷ ዘላ ጀርባው ላይ ወደቀች፤ የፕላስቲክ መቀመጫው ከሥራቸው ተሰብሮ ስለቱ የግራ ክንዷን ሰነጠቀው። ደሟ እየፈሰሰ በጉልበቷ አንገቱን ወለሉ ላይ ተጭና ያዘችው፤ ሁለቱ ፖሊሶች ካቴናውን እስኪያጠልቁለት አልለቀቀችውም።

«መጀመሪያ የጠየቀኝ አንድ ስም ብቻ ነው» አለ ደንካን ጉንጩ ሲሚንቶ ላይ ተጣብቆ፣ እያለከለከ። «አባቴ ከሞተ በኋላ በካርዱ ሰው ሳስገባ ፔሎ ያዘኝ። አንድ ስም ስጠኝና የአባትህን መቀመጫ አልነካም አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ ሌላ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ስሜን እንዳትሰጥ ብዬ ለመንኩት፤ ስቆ ጀርባውን ሰጠኝ። የሪስ ልጅ ጆሮ ጠቢ ነው እየተባለ እዚህ ከተማ እንዴት ይኖራል?»

ሲወስዱት ስምንቱ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ሜዳው መልሰው ነበር፤ ዘጠነኛዋ በሁለት እጇ አፍንጫዋን ይዛ ደም ትተፋ ነበር።

በአርሊንዶ ላይ ሊመሠረት የነበረው ክስ ቀረ። ሐኪሙ አርሊንዶን ሆስፒታል ማሳደር ቢፈልግም ሽማግሌው ቤቴ አለ፤ ፈርሞ ወጣ። ክንዷ የተሰፋላት ቬስና በመኪናዋ አደረሰችው። ሲመሽ እየነፈሰ ነበር። በመንገድ ሁሉ የኦዴት ካርድ በማስረጃ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ይመልሱልኛል?» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር።

ቬስና መዋሸት ትችል ነበር። «ሥራ አስኪያጇ የፈረመችው ማንም በምስክርነቱ እንዳይቀጣ ነው። አንቀጽ ሃያ ገና አልተሻረም። ነገ ከሰዓት ይከራከሩበታል፤ ጠበቃዋ እርስዎም ቢመጡ ትላለች። እሺ ካሉ እኔ እወስድዎታለሁ።»

«ምን እላቸዋለሁ?»

«ቅዳሜ ያደረጉትን ሁሉ። ለምን እንዳደረጉትም።»

ሽማግሌው አሰበ። «ለመቀመጫ ብዬ እስር ቤት ልሞት ነበር» አለ። «ሰው ይስቅብኛል።»

«እኔ አልሳቅኩም።»

ቤቱ ደርሰው ደግፋ ደጁ ድረስ አስገባችው። ኪኒኑን ዋጠ፣ መብራት አበራች፣ የጓሮውን መስኮት ሁለት ጊዜ ፈተሸች። ደንካን ታስሯል፤ የፔሎ ዘመዶች ግን እውነቱን ሁሉም አልሰሙም። ይህን ለሱ አልነገረችውም። ከወጣሁ በኋላ ቁልፉን ያዙሩ ብቻ አለችው።

ደጅ ቆማ ጠበቀች። ከውስጥ ቁልፉ ሲንሸራተት፣ ሲወድቅ፣ ሽማግሌው በፖርቱጋልኛ ሲራገም ሰማች። የተሰበሩት የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው።

«በግራዎ ይሞክሩ» አለች በሩ ላይ ተጠግታ። «አይቸኩሉ። የትም አልሄድም።»

ወለሉን ሲዳብስ ቆየ። መንገዱ ላይ አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ አለፈ፤ ታርጋውን በልቧ ያዘችው። ከዚያ ቁልፉ ገባ፤ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ። እጀታውን ራሷ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። አልተከፈተም።